የክርክር መድረክ በር

በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መካከል ስለሚደረገው የክርክር ውድድር በአማርኛ ብዙ ሲጻፍ አላየንም። ስለ አገሩ ሲኒማ፣ ስለ ምርጫውና ስለ ስፖርቱ በየጊዜው ይጻፋል፤ ዳሩ ግን ከጠበቆቹ፣ ከምክር ቤት አባሎቹና ከማኅበር መሪዎቹ ብዙዎቹ በልጅነታቸው አንደበታቸውን የገሩበት ይህ ውድድር ተዘንግቶ ቀርቷል። እኛ ጉዳዩን ልናነሣው የወደድነው የንግግርን ጥበብ ለማስተማር አይደለም፤ ለዚያ የሚበቃ ዕውቀትም የለንም። ታሪኩን ስንመረምር ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን፣ «ወደ መድረኩ ማን ይግባ? ማንስ በውጭ ይቅር?» የሚለው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ መልኩን እየለዋወጠ ሲመላለስ መኖሩ ነው። አንድ ጊዜ በሩን የዘጋው ሕግ ነበረ፤ ሕጉ ሲነሣ ደግሞ ገንዘብ ዘጋው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ስለ ራሳችን ከምንናገረው በቀር፣ ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

አስቀድሞ ውድድሩ እንዴት እንደሚካሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። የፖሊሲ ክርክር በሚባለው ዓይነት አራት ተማሪዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ፤ ከፊታቸውም ዳኛው ወረቀትና ብዕር ይዞ ያዳምጣል። የሚከራከሩበት ርእስ ለመላው አገር አንድ ነው፤ የትምህርቱ ዘመን እስኪያልቅም አይለወጥም። ርእሱም ብዙውን ጊዜ መንግሥት ሊሠራው ስለሚገባ አንድ ሥራ የሚናገር ነው። ለምሳሌ በ2007 ዓ.ም. በተጀመረው የትምህርት ዘመን፣ አሜሪካ ከሰሐራ በታች ላሉት የአፍሪካ አገሮች የምትሰጠውን የጤና ዕርዳታ በብዙ ትጨምር ወይስ አትጨምር ተብሎ፣ አፍሪካን በካርታ ብቻ የሚያውቁ ልጆች ዓመቱን ሙሉ ስለ ወባና ስለ ኤድስ መድኃኒት ሲከራከሩ ከርመዋል። እያንዳንዱ ተማሪ አስቀድሞ 8 ደቂቃ ይናገራል፤ ተናግሮ ሲጨርስ ከተቃራኒው ወገን አንዱ ተነሥቶ 3 ደቂቃ ያህል በጥያቄ ያፋጥጠዋል፤ በመጨረሻም ለመልስ 5 ደቂቃ ይሰጠዋል። ለማሰቢያ የሚፈቀደው ጊዜ ሲጨመር አንዱ ክርክር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ለተናገረው ነገር ሁሉ ከመጽሐፍ፣ ከጋዜጣ ወይም ከሊቃውንት ጥናት ማስረጃ ማቅረብ አለበት።

ለእንግዳ ሰው የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ጧት ርእሱን ደግፈው የተናገሩት ሁለት ልጆች ከሰዓት በኋላ ያንኑ ርእስ እንዲቃወሙ ይታዘዛሉ። ይህ ነገር ልጆችን ሁለት ምላስ ያደርጋል ብለው የተቆጡ ሰዎች በዚያውም አገር ነበሩ። በ1954 የኮሌጆቹ ርእስ ኮሚኒስት ቻይናን በመንግሥትነት ስለ ማወቅ በሆነ ጊዜ፣ የጦርና የባሕር ኃይል አካዳሚዎች ተማሪዎቻቸው በዚህ ርእስ እንዳይከራከሩ እስከ መከልከል ደርሰዋል። በእኛ አስተያየት ግን የውድድሩ ዋና ጥቅም እዚህ ላይ ነው። የባላጋራውን ነገር በራሱ አፍ ሊናገር የተገደደ ልጅ፣ ባላጋራው ሞኝ አለመሆኑን ሳይወድ ይማራል።

ላገራችን ሰው ይህ ሁሉ ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም። በጥንቱ በላ ልበልሃ፣ ተሟጋቾች ነጠላቸውን አደግድገው፣ በማርና በፈረስ እየተወራረዱ እሰጥ አገባ ሲሉ፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይሰማ ነበር። ዳኛ በቅርብ ባልተገኘ ጊዜም በመንገድ የሚያልፈው ሰው በሕግ አምላክ ተብሎ ይያዝና በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነገሩን ያይ ነበር። ያገራችን ተሟጋች ለርስቱ ወይም ለከብቱ ስለሚናገር ከሰዓት በኋላ ወገኑን አይለውጥም። ፍርዱም ሁልጊዜ ትክክል ነበረ አንልም፤ ገንዘብና ወገን ያለው በብዙ ያሸንፍ እንደነበረ የታወቀ ነው። ነገር ግን ለመናገር ብቻ ከሆነ፣ ማንበብና መጻፍ የማያውቅ ሰው እንኳ አንደበት ካለው ተነሥቶ ይናገር ነበር። የአሜሪካው ውድድር ግን ከትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ስለ ተወለደ፣ ትምህርት ቤቱ የቆመበትን ልዩነት ሁሉ ይዞ ነው ያደገው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ቀደም ብሎ የሚጠቀሰው የቴክሳስ ክፍለ ሀገር ነው። በ1910 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የክርክር ማኅበር አቋቋመ፤ ማኅበሩም በ1913 ከስፖርት ማኅበሩ ጋራ ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ኢንተርስኮላስቲክ ሊግ ተባለ። ቴክሳስ እጅግ ሰፊ ክፍለ ሀገር ነው፤ ከጥጥ እርሻና ከከብት ርቢ መካከል የቆሙት ትንንሽ ትምህርት ቤቶች መጻሕፍት ቤት አልነበራቸውም። ዩኒቨርሲቲው ይህን ተመልክቶ፣ ስለ ርእሱ የተጻፉትን ጽሑፎች ሰብስቦ በጥቅል በጥቅል እያሰረ በፖስታ ያበድር ጀመር። ጥቅሉ በአንዱ መንደር ተነብቦ ሲመለስ ወደ ሌላው ይላካል። እንግዲህ የገበሬው ልጅ ከከተማው ልጅ ጋራ ቆሞ እንዲከራከር ያስቻለው ይህ የፖስታ ጥቅል ነው። እኛ በመሥሪያ ቤት ስንኖር ብዙ የፖስታ ጥቅል አይተናል፤ እንደዚህ ያለ ሥራ የሠራ ጥቅል ግን ማየታችንን እንጠራጠራለን።

ይህ መልካም ሥራ የተሠራው ለነጮች ትምህርት ቤቶች ብቻ ነበር። በማኅበሩ ደንብ መሠረት የጥቁሮች ትምህርት ቤት አባል ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የጥቁሮቹ መምህራን በ1920 የራሳቸውን ማኅበር ጀመሩ፤ ይኸውም ኋላ የፕሬሪ ቪው ኢንተርስኮላስቲክ ሊግ የተባለው ነው። በአንድ ክፍለ ሀገር ውስጥ ሁለት ማኅበር፣ ሁለት ሽልማት፣ ሁለት ሻምፒዮን ሆኖ ግማሽ ምእት ዓመት ኖረ። በ1960ዎቹ የትልቁ ማኅበር በር ለሁሉ ከተከፈተ በኋላ የፕሬሪ ቪው ማኅበር በ1970 ተዘጋ።

በዚያ በተከፈለ ዘመን የጥቁር ተማሪዎች የንግግር ውድድር ምን ይመስል እንደነበረ ለመረዳት፣ በጆርጂያ ክፍለ ሀገር በ1944 የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ማርቲን ሉተር ኪንግ ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በአትላንታ የቡከር ቲ ዋሽንግተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር። በሚያዝያ ወር ደብሊን ወደምትባል ከተማ ከመምህርታቸው ጋራ ሄደው በንግግር ውድድር ተካፈሉ፤ የንግግራቸውም ርእስ ጥቁሩ ሕዝብና ሕገ መንግሥቱ የሚል ነበር። ማታ በአውቶቡስ ሲመለሱ ነጮች ተሳፋሪዎች ገቡ፤ ሹፌሩም መምህርቲቱና ተማሪው ከመቀመጫቸው እንዲነሡ አዘዘ። ልጁ እንቢ ሊል ፈልጎ ነበር፤ መምህርቲቱ ግን ሕጉን መፈጸም አለብን ብለው ስላግባቡት ተነሣ። ኋላ ራሳቸው እንደ ተረኩት፣ 90 ማይል ያህል ቆመው ተጓዙ፤ በሕይወታቸውም እንደዚያ ሌሊት ተቆጥተው አያውቁም። ጧት ስለ ሕገ መንግሥት የተናገረ ልጅ ማታ ሕገ መንግሥቱ እስከ የት እንደሚደርስ በእግሩ ለካው።

ለመላው አገር የሚሆን የሁለተኛ ደረጃ ተከራካሪዎች ማኅበር የተቋቋመው በ1925 ነው። በዊስኮንሲን ክፍለ ሀገር የሪፖን ኮሌጅ ሰው የነበሩት ብሩኖ ጃኮብ፣ ናሽናል ፎሬንሲክ ሊግ የሚባለውን ማኅበር መሥርተው ለተከራካሪዎች እንደ ሥራቸው ነጥብና ማዕረግ የሚሰጥበትን ሥርዓት ዘረጉ። የመጀመሪያውም ብሔራዊ ውድድር በ1931 በዚያው በሪፖን ተደረገ። ማኅበሩ በ2014 ስሙን ለውጦ እስከ ዛሬ አለ። ስለዚህ ማኅበር ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ ለያዝነው ነገር ግን ይህ ይበቃል።

በዚያው ዘመን ከኮሌጆቹ ወገን የሆነውን አንድ ነገር ሳናነሣ ብናልፍ ታሪኩ ይጎድላል። በማርሻል ቴክሳስ የሚገኘው ዋይሊ ኮሌጅ ትንሽ የጥቁሮች ኮሌጅ ነበር። ባለቅኔውና የእንግሊዝኛ መምህሩ ሜልቪን ቶልሰን ከ1924 ጀምሮ በዚያ የክርክር ቡድን አሠለጠኑ። ተማሪዎቹ በጂም ክሮው ሕግ ዘመን ሆቴል አያስተኛቸው፣ ምግብ ቤት አያስገባቸው፣ በመኪና ረጅም መንገድ እየተጓዙ ይከራከሩ ነበር። በ1930 ሄንሪዬታ ቤል የምትባል ተማሪ የቡድኑ የመጀመሪያ ሴት ተከራካሪ ሆነች። በ1935 ቡድኑ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዶ ያን ጊዜ የአገሩ ሻምፒዮን የነበረውን የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን ረታ። ይሁንና የነጮቹ የክርክር ማኅበር የጥቁሮችን ኮሌጅ በአባልነት ስለማይቀበል፣ ዋይሊ ረትቶም ሻምፒዮን ሊባል አልቻለም። በ2007 የወጣው ሲኒማ ይህን ታሪክ ሲያሳይ የተረታውን ዩኒቨርሲቲ ሃርቫርድ አድርጎታል። ሲኒማ ሠሪ ትልቅ ስም ይወዳል፤ እኛ ግን እውነተኛው ታሪክ ሳይጨመርበትም የሚበቃ ይመስለናል።

ከቶልሰን ተማሪዎች አንዱ ጄምስ ፋርመር ነው። ይህ ልጅ ወደ ዋይሊ የገባው በ14 ዓመቱ፣ ማለት እኩዮቹ ገና በሁለተኛ ደረጃ ሳሉ ነበር። በ1942 የዘር እኩልነት ጉባኤ የሚባለውን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ሆነ፤ በ1960ዎቹም መጀመሪያ ከማልኮም ኤክስ ጋራ በአደባባይ ተከራከረ። በሂውስተን ከተማ በጥቁሮች ትምህርት ቤት የተማሩት ባርባራ ጆርዳንም በቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ የክርክር ቡድን ውስጥ ነው የተሠሩት። በ1974 የፕሬዚዳንት ኒክሰን ነገር በምክር ቤቱ የፍርድ ኮሚቴ በታየ ጊዜ ያደረጉት ንግግር አገሩን ሁሉ በቴሌቪዥን ፊት አስቀምጦ ያሰማ ነበር። እነዚህ ሰዎች በተዘጋ በር ውጭ ሆነው የተማሩ ናቸው፤ በሩ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ስንት ይጨመሩ ነበር ብሎ መገመት ግን ከታሪክ ጸሐፊ ሥራ ውጭ ስለሆነ እንተወዋለን።

ሕጉ ከተነሣ በኋላ የመጣው መዝጊያ ስም የለውም፤ በደንብ መጽሐፍም አልተጻፈም። ከ1960ዎቹ ወዲህ ክርክሩ እየረቀቀና እየከበደ ሄደ። ተከራካሪዎች ብዙ ማስረጃ በጥቂት ደቂቃ ለማግባት ሲሉ ንግግራቸውን እያፈጠኑ፣ አንዳንዶቹ በደቂቃ ከ300 ቃላት በላይ እስከ መናገር ደረሱ፤ ላልለመደ ሰው የጨረታ አስነጋሪ ድምፅ ይመስላል። ማስረጃው በትልልቅ ሣጥን ታጭቆ በጋሪ ይጎተት ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች በክረምት የክርክር ትምህርት መስጠት ጀመሩ፤ የጥቂት ሳምንት ክፍያውም በሺህ ዶላር የሚቆጠር ሆነ። ታላላቆቹ ውድድሮች በሩቅ ከተማ ስለሚደረጉ የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪ አለ። ሀብታሞቹ ትምህርት ቤቶች ይህን ሁሉ ከፈሉ፤ ደሞዝ የሚከፈለው አሠልጣኝም ቀጠሩ። በታላላቆቹ ከተሞች መካከል ያሉት፣ ብዙዎቹ ጥቁርና የላቲን አሜሪካ ተወላጅ ልጆች የሚማሩባቸው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግን በጀታቸው ሲቀነስ መጀመሪያ ካጠፏቸው ነገሮች አንዱ የክርክር ቡድን ነው። ማንም «አትግቡ» አላላቸውም፤ የሚያስገባ ግን አልነበረም።

ይህን ለመለወጥ የተደረገው ትልቁ ሙከራ ከአትላንታ ተነሣ። የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ባርክሌይ ፎረም የሚባል የቆየ የክርክር ማኅበር አለው። የዚያ ማኅበር መሪ የነበሩት ወይዘሮ ሜሊሳ ማክሲ ዌድ ከከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መምህራን ጋራ ተባብረው በ1985 የከተማ የክርክር ማኅበር ጀመሩ። አሳቡ ቀላል ነው። የዩኒቨርሲቲው ተከራካሪዎች ወደ ትምህርት ቤቶቹ እየሄዱ ያሠለጥናሉ፤ ውድድሩ በሩቅ አገር ሳይሆን በዚያው በከተማው ውስጥ ይደረጋል፤ ማስረጃውም በአንድነት ተዘጋጅቶ ለሁሉ እኩል ይታደላል። የቴክሳሱ የፖስታ ጥቅል በሰባ ዓመቱ ተመልሶ የመጣ ይመስላል።

በ1997 የባለጸጋው የጆርጅ ሶሮስ ድርጅት ገንዘብ ሰጠና አሳቡ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። በኒውዮርክና በሺካጎ በዚያው ዓመት፣ በባልቲሞርም በ1999 ማኅበራት ተቋቋሙ፤ በ2002ም ሁሉን የሚያገናኝ ብሔራዊ ማኅበር ተመሠረተ። ዛሬ ሃያ በሚያህሉ ከተሞች እንዲህ ያሉ ማኅበራት አሉ። የድርጅቱ ገንዘብ ለመጀመሪያ ብቻ የታሰበ ስለነበረ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ረጂ መፈለግ ነበረበት። በመሥሪያ ቤት የሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ አንድን ሥራ ለመጀመር የሚሰጥ ገንዘብ ይገኛል፤ የመምህሩን የትርፍ ሰዓት አበልና የአውቶቡሱን ኪራይ በአሥረኛው ዓመት የሚከፍል ግን ብዙ አይገኝም። የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ወጪውን በበጀቱ ያስገባበት ማኅበር ይበልጥ ጸንቶ እንደሚቆም ግልጽ ነው።

አዲሶቹ ተከራካሪዎች ከገቡ በኋላ ደግሞ ሌላ ክርክር ተነሣ። ፍጥነቱና የሣጥን ማስረጃው ለማን ተብሎ የተሠራ ሥርዓት ነው? የራሳችንን ኑሮ፣ ቅኔያችንንና ዜማችንን ማስረጃ አድርገን ብናቀርብስ? የሚሉ ተነሡ። በ2013 ከካንሳስ ሲቲና ከኒዋርክ የመጡ ሁለት ጥቁር ወጣቶች፣ ለኤምፖሪያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቆመው፣ ሁለቱን ታላላቅ የኮሌጅ ውድድሮች በአንድ ዓመት አሸነፉ፤ ይህም ከዚያ በፊት በማንም ቡድን ያልተደረገ ነው። ይህን የተቃወሙ አሠልጣኞች ነበሩ፤ ሌላ ውድድር ለብቻ እናቋቁም እስከ ማለትም ደርሰዋል። እኛ ሁለቱንም ወገን ሰምተን፣ ርእሱን ትቶ ስለ ራስ ብቻ መናገር ለባላጋራው መልስ የሚሰጥበት ቦታ እንዳያሳጣው እንሠጋለን፤ ነገር ግን ማንም ሊሰማው በማይችል ፍጥነት ማስረጃ ያነበበ ሰው «ሥርዓት ፈረሰ» ብሎ ሲከስ መስማት ትንሽ ያስቃል።

በ2020 ወረርሽኙ በገባ ጊዜ ብሔራዊው ውድድር ሳይቀር በኮምፒዩተር ተደረገ። የአውሮፕላኑና የሆቴሉ ወጪ በአንድ ቀን ጠፋ፤ የማስረጃው ሣጥንም ከዚያ በፊት ወደ ኮምፒዩተር ገብቶ ነበር። የክረምት ትምህርት ቤቶች የሚያዘጋጁት ጽሑፍም ዛሬ ለሁሉ በነጻ በኢንተርኔት ይገኛል። በምትኩ ግን በቤቱ ጸጥ ያለ ክፍልና የማይቋረጥ ኢንተርኔት ያለው ልጅ ማን እንደሆነ መጠየቅ ግድ ሆነ።

ውድድሩ ለተማሪው ይጠቅማል ወይ ለሚለው ጥያቄ፣ በሺካጎ ከ1997 እስከ 2006 ድረስ የተማሩትን መዝገብ የመረመረ ጥናት በ2009 ታትሟል። በጥናቱ መሠረት በማኅበሩ የተከራከሩት ጥቁር ወንዶች ልጆች ካልተከራከሩት ይልቅ ትምህርታቸውን የመጨረስ ዕድላቸው በ70 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። ቁጥሩን በጥንቃቄ ማየት ይገባል፤ ወደ ክርክር ክበብ የሚሄደው ልጅ አስቀድሞም ትጉ ሊሆን ይችላልና። ከዚያ ወዲህ በቦስተን ከ3 ሺህ በበለጡ ተማሪዎች ላይ የተደረገው ጥናት ይህን ችግር ለማራቅ፣ አንዱን ተማሪ ወደ ክበቡ ከመግባቱ በፊት ከነበረው ከራሱ ውጤት ጋራ አስተያየው። የንባብ ውጤታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ከሁሉም በላይ ያደጉት ቀድሞ ውጤታቸው ዝቅተኛ የነበረው ተማሪዎች ናቸው።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ስናነብ ጽሑፉን አስቀምጠን ጥቂት ቆየን። እኛ ዘጠነኛ ክፍል የገባነው በ1998 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ትምህርቱ በሳተላይት በሚተላለፍ ፕላዝማ ይሰጥ ስለነበረ፣ መምህሩም ተማሪውም አብዛኛውን ክፍለ ጊዜ ዝም ብለን መስኮቱን እናይ ነበር፤ ያልገባን ነገር ቢኖር መስኮቱ አይጠየቅም። በትምህርት ቤታችን ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰብ የክርክር ክበብ ሲቋቋም ስማችንን ከተመዘገቡት መካከል አስቀድመን አስመዘገብን። ክርክሩ በእንግሊዝኛ ነው ተባለ። የክበቡ ኀላፊ የውጤት ዝርዝሩን አስመጥተው በእንግሊዝኛ ከ80 በላይ ያላቸውን ስድስት ተማሪዎች መረጡ፤ ከስድስቱም አምስቱ ከግል ትምህርት ቤት የመጡ ነበሩ። የእኛ ውጤት 61 ነበረ። ኀላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሚያስከፋን ሳይመስላቸው አንድ የግድግዳ ሰዓት አውርደው ሰጡንና ሰዓት ያዥ አደረጉን። ተናጋሪው ደቂቃው ሲያልቅበት ጠረጴዛውን በእርሳስ ሁለት ጊዜ እንድናንኳኳ ታዘዝን። ሰዓቱን ሁለት ዓመት ያዝን። በእነዚያ ዓርቦች የቀረበውን ክርክር አብዛኛውን ዛሬም እናስታውሳለን፤ መልስ ያልተሰጠበት ነገር ሲያልፍም የምንመልሰውን በልባችን አዘጋጅተን እርሳሱን አንሥተን እንጠብቅ ነበር።